ሴምቨር ወይስ የዘመን ቁጥር? ለሦስት ምርት ሦስት መልስ

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን የሕንፃ ዕቃ ለሚሸጡ ሱቆች የክምችትና የሽያጭ ፕሮግራም እንሠራለን። ዋናው ፕሮግራም አርባ በሚሆኑ ሱቆች ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል፤ ለሽያጭ ሠራተኞች የአንድሮይድ አፕ አለን፤ ሁለት የሒሳብ ድርጅቶች ደግሞ በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት በር፣ ከሰርቨራችን መረጃ ይወስዳሉ። አዲስ ነገር ስንለቅ ፋይሉን በቴሌግራም ወይም በፍላሽ እንልካለን፤ ቁጥር የምንሰጠው እንደመጣልን ነው። በቅርቡ "1.5" ብለን ከላክን በኋላ ስህተት አግኝተን አረምንና በዚያው በ"1.5" ስም መልሰን ላክን። አሁን የትኛው ሱቅ የትኛውን 1.5 እንደያዘ አናውቅም። ኤፒአዩ ሦስት ዓመት ሙሉ 0.9 ላይ ቆሟል። አንዱ ባልደረባችን "ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ይሁን" ይላል፤ ሥራ አስኪያጃችን "የ2018 ዕትም" እንዲባል ይፈልጋል። ለሦስቱም አንድ ቁጥር እንስጥ? ማንን እንስማ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ባልደረባዎ የሚያስበው ስለ ኤፒአዩ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ የሚያስቡት ስለ ሱቆቹ። ስልት ከመምረጥዎ በፊት ቁጥሩን ማን እንደሚያነበውና አንብቦ ምን እንደሚወስን ይለዩ። የሒሳብ ድርጅቱ ፕሮግራመር ማወቅ የሚፈልገው ወደ አዲሱ ቢሸጋገር ኮዱ ይሰበር እንደሆነ ነው። ባለሱቁ የሚፈልገው የእሱ አርጅቶ እንደሆነ ማወቅ ነው። ስልኩ ደግሞ አዲሱ ከተጫነው ይበልጣል ወይስ ያንሳል ከሚለው ሌላ የሚገደው የለም። ሦስት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ አንድ ቁጥር ለሦስቱም አይስጡ።

አስቀድመን ግን የ1.5ን ነገር እንጨርስ፤ እሱ ካልተስተካከለ የትኛውም ስልት አያድናችሁም። አንድ ቁጥር ከቢሮ ከወጣ በኋላ ይዘቱ አይነካም። አንዲት የፊደል ግድፈት እንኳ ብታርሙ አዲስ ቁጥር ትወስዳለች። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማከማቻ የሆነው ፓይፒአይ አንዴ የተሰቀለን የፋይል ስም፣ ተሰርዞ እንኳ ቢሆን፣ ዳግመኛ አይቀበልም፤ የጃቫስክሪፕቱ ማከማቻ ኤንፒኤምም የተሰረዘን የቨርዥን ቁጥር እንደገና መጠቀም ይከለክላል። ምክንያቱ እናንተ የገባችሁበት ጣጣ ነው። ቁጥር ያልቃል ብላችሁም አትሳሱ። የተበላሸ ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የተለቀቀ ዕትም) ከወጣ ቁጥሩ ተቃጥሎ ይቅርና ቀጣዩን ውሰዱ። የድረ ገጽ መሥሪያው አንጉላር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ2 በቀጥታ ወደ 4 ዘለለ፤ አንዱ ክፍሉ፣ ራውተሩ፣ ቀድሞ 3 ላይ ስለነበር ቁጥሮቹን ለማስተካከል ነበር። ሰማይ አልተደፋም።

አሁን ወደ ኤፒአዩ። እዚህ የባልደረባዎን ሐሳብ ይቀበሉ። የሴማንቲክ ቨርዥኒንግን፣ በአጭሩ የሴምቨርን፣ ደንብ የጻፈው ከጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) መሥራቾች አንዱ ቶም ፕሬስተን-ወርነር ነው። ቁጥሩ ሦስት ክፍል አለው፤ የቀድሞ ተጠቃሚን የሚሰብር ለውጥ ሲገባ የመጀመሪያው ያድጋል፣ ማንንም የማይሰብር ተጨማሪ ነገር ሲገባ መካከለኛው፣ ስህተት ብቻ ሲታረም የመጨረሻው። አንዱ ሲያድግ በስተቀኙ ያሉት ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ ከ1.4.7 ቀጥሎ መካከለኛው ካደገ 1.5.0፣ የመጀመሪያው ካደገ 2.0.0 ይሆናል።

ይህን ያህሉን ባልደረባዎም ያውቀዋል። የሚያጨቃጭቀው "ይሰብራል" የሚባለው ለውጥ የቱ እንደሆነ ነው። መስክ (እንደ ስም ወይም ዋጋ ያለ የመረጃ ቦታ) ማጥፋት፣ ስሙን መቀየር፣ ቁጥር የነበረውን ጽሑፍ ማድረግ፣ በፈቃድ ይሞላ የነበረውን ግዴታ ማድረግ፤ እነዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ተንኮለኞቹ ሌሎቹ ናቸው። የክፍያ ሁኔታ "ተከፍሏል" እና "አልተከፈለም" ብቻ ነበር እንበል፤ እናንተ "በከፊል ተከፍሏል" የሚል ሦስተኛ ጨመራችሁ። ለእናንተ ተጨማሪ ነገር ነው። የሒሳብ ድርጅቱ ኮድ ግን ሁለት መንገድ ብቻ ስለሚያውቅ ሦስተኛውን "አልተከፈለም" ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። እንደዚሁ በፊት በ09 የተጻፈ ስልክ ትቀበሉ ከነበረና አሁን በ+251 ካልጀመረ ብላችሁ ከመለሳችሁ፣ ማጣሪያ ማጥበቃችሁ ብቻውን ሰባሪ ለውጥ ነው። በምላሹ ላይ አዲስ መስክ መጨመር ግን በመካከለኛው ቁጥር ያልፋል፤ ይህም "የማታውቁት መስክ ቢመጣ ዝለሉት" የሚል ዐረፍተ ነገር መመሪያችሁ ውስጥ አስቀድሞ ካለ ነው። ከሌለ ዛሬውኑ ያስገቡት።

ከሁሉ የከፋው ገንዘብ ላይ የሚመጣው ነው። ዋጋቸው 33.30 ብር የሆነ ሦስት ዕቃ ተሸጠ እንበል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በየመስመሩ ብታሰሉ 4.995 ይሆንና ወደ 5.00 ይጠጋጋል፤ ሦስቱ ሲደመሩ 15.00 ብር። በድምሩ በ99.90 ላይ ብታሰሉት ግን 14.985 መጥቶ ወደ 14.99 ይጠጋጋል። ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ናት፤ አሰላሉን ከአንዱ ወደ ሌላው "ስህተት አረምን" ብላችሁ በ1.4.8 ብትለቁት ግን የሒሳብ ድርጅቱ የወሩ መዝገብ አልገጥም ይላል። መመሪያችሁ አሰላሉን በግልጽ ጽፎት ኮዱ ከመመሪያው ውጭ ሲሠራ ከነበረ እርማት ነውና የመጨረሻው ቁጥር ይበቃል፤ በለውጥ ማስታወሻው አናት ላይ ግን ይጻፍ። መመሪያው ዝም ያለ ከሆነ የተጠቃሚው ልማድ ውል ሆኗል፤ የመጀመሪያውን ቁጥር አሳድጉ። እዚህ ላይ ጥብቅ ሆነብን የሚል ይኖራል። ገንዘብ ላይ ጥብቅ መሆን አያስቆጭም።

0.9ን በተመለከተ፣ በሴምቨር ደንብ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር "ማንኛውም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል" ማለት ነው። ሁለት ድርጅቶች መዝገብ እየዘጉበት ያለ ነገር እንዲህ ሊባል አይገባም። ነገ 1.0.0 ያድርጉት። ብልሃቱ ምንም ሳይቀይሩ ማድረጉ ነው፤ 1.0.0 ከዛሬው 0.9 ጋር በባሕርይው አንድ ይሁን፣ አዲስ ነገር ሁሉ ለ1.1.0 ይቆይ። "1.0 እስኪያምር እንጠብቅ" እያሉ ዓመታት የሚያልፉት ቁጥሩን የምረቃ በዓል ስለሚያደርጉት ነው። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ሪአክት እንኳ በዓለም ሁሉ እየተሠራበት 0.14 ላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀጥታ 15 ሆነ።

በኤፒአዩ አድራሻ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ይግባ፤ ሙሉውን 1.4.2 አድራሻ ውስጥ ካስገባችሁት እያንዳንዷ እርማት አድራሻ ትቀይራለች። 2.0.0 ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሙና የአሮጌውን መዝጊያ ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። ቀኑን ስትመርጡ ሰኔ 30 የበጀት ዓመት እንደሚዘጋና የግብር ማስታወቂያው ሥራ እስከ ጥቅምት እንደሚዘልቅ አስቡ። የሒሳብ ሰው በነሐሴ ኮድ ቀይር ቢባል አይሰማችሁም፤ ታኅሣሥ ወይም ጥር ይሻላል።

ለሙከራ የምታወጡት ካለ ከቁጥሩ በኋላ ሰረዝ፣ ቤታ የሚለው ቃል፣ ነጥብ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር ይምጣ። ነጥቧ ትልቅ ሥራ አላት፤ በነጥብ ሲለይ 11 ከ2 በኋላ ይመጣል፣ ተያይዞ ሲጻፍ ግን እንደ ፊደል ስለሚነጻጸር ቤታ11 ከቤታ2 በፊት ይሰለፋል። ቃሉ በላቲን ፊደል ይሁን፤ ደንቡ ሌላ ፊደል አይቀበልም።

ለሱቆቹ ፕሮግራም የሥራ አስኪያጁ ስሜት ትክክል ነው። ባለሱቅ "ሰባሪ ለውጥ" የሚባል ነገር አይገደውም፤ ስልክ ሲደውል "የትኛው ነው ያለዎት?" ስትሉት መልሱ ዕድሜውን ሊነግራችሁ ይገባል። ለዚህ የዘመን ቁጥር፣ ካልቨር የሚሉት፣ ተስማሚ ነው። የኮምፒውተር ሲስተሙ ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ 24.04 ማለት በ2024 አራተኛ ወር የወጣ ነው። ከኡቡንቱ አንድ ትምህርት ይውሰዱ፤ በ2006 በአራተኛው ወር ሊወጣ ታስቦ የነበረው ስለዘገየ 6.06 ሆኖ ነው የወጣው። ቁጥሩን በሚለቀቅበት ቀን እንጂ በዕቅድ ስብሰባ ላይ አትስጡት።

ግን በየትኛው ዘመን? 2018 ዓ.ም. የገባው በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። ኅዳር 2018ን 18.3 ብሎ መጻፍ በራሱ ነውር የለውም፤ ቁጥሩ እያደገ እስከሄደ ድረስ ኮምፒውተር ዘመን አይለይም። ችግር የሚመጣው በሁለት በኩል ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ናትና 18.13 የሚባል ይመጣል፤ ቁጥሩን እንደ ቀን የሚያነብ መሣሪያ ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል። የባሰው ደግሞ ቢልድ የሚሠራው፣ ማለትም ኮዱን ወደሚጫን ፋይል የሚቀይረው፣ ማሽን ሰዓት ጎርጎርዮሳዊ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ቁጥሩ ከማሽኑ እንዲወሰድ ያደርግና 25.12 ይወጣል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላው በእጁ 18.5 ብሎ ይጽፋል፤ ሱቁ ያለው ፕሮግራምም "የተጫነው ይበልጣል" ብሎ አዲሱን አይቀበልም። ከኢትዮጵያ ቁጥር ወደ ጎርጎርዮሳዊ መሻገር ቁጥሩን ስለሚያሳድገው ይቻላል፤ መመለሻ ግን የለም።

ስለዚህ ውስጡ ጎርጎርዮሳዊ፣ ደጁ ኢትዮጵያዊ ይሁን። ፕሮግራሙ ራሱን የሚያውቀው 25.11.0 ብሎ ይሁን፤ በማስታወቂያውና በመክፈቻው ገጽ ላይ "የ2018 ዕትም" ይባል፤ "ስለ ፕሮግራሙ" የሚለው መስኮት "25.11.0፣ የ2018 ዕትም፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 የተለቀቀ" ብሎ ሁሉንም ያሳይ። የገበያ ስምና የውስጥ ቁጥር መለያየቱ ነውር አይደለም፤ የመጀመሪያው ዊንዶውስ 11 እንኳ የውስጥ ቁጥሩ 10.0.22000 ነው። ሦስተኛው አሃዝ ለእርማት ነው፤ 26.2.0 ከወጣ በኋላ ለመሸጋገር ያልፈለገ ሱቅ ቢኖር 25.11.3ን በየካቲት ልትልኩለት ትችላላችሁ። 25.11 የቅርንጫፉ (ለብቻው እየታረመ የሚቀጥለው የኮድ መስመር) ስም ነው፣ የእርማቱ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፣ ወዲያው ይለመዳል። 25.09 እያላችሁ ዜሮ አትጨምሩ፤ የሴምቨርን ደንብ የሚከተሉ መሣሪያዎች ከፊት ዜሮ ያለውን አሃዝ አይቀበሉም።

ከቁጥሩ ይልቅ ሱቆቹን ሊጎዳ የሚችለው ግን ሌላ ነው። ሱቁ ወደ አዲሱ ተሸጋገረ፣ ዳታቤዙም አብሮ ተቀየረ፤ በሳምንቱ ኮምፒውተሩ ተበላሸና ጠጋኙ መሳቢያ ውስጥ ካገኘው ፍላሽ አሮጌውን መልሶ ጫነ። አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን ዳታቤዝ ከፍቶ የማያውቀውን ሰንጠረዥ እየዘለለ መጻፍ ይጀምራል። ይህን ለመከላከል ለዳታቤዙ ቅርጽ የራሱ ቀላል ቁጥር ስጡት፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ የተጻፈ። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ያንብብ፤ ከሚያውቀው ካነሰ ባክአፕ ወስዶ ያሳድገው፣ ከሚያውቀው ከበለጠ "ይህ መረጃ በአዲስ ቨርዥን የተከፈተ ነው" ብሎ ሳይነካው ይዘጋ። ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው።

አንድሮይድ ሁለት ቁጥር አለው። ሰው የሚያየው ቨርዥን ኔም ነው፤ እንደ ሱቁ ፕሮግራም 25.11.0 ይሁን። ሲስተሙ የሚያነበው ቨርዥን ኮድ ደግሞ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ፕሌይ ስቶር ከዚህ በፊት የተጠቀማችሁበትን ኮድ ዳግም አይቀበልም፣ ጣሪያውም 2,100,000,000 ነው። ኮዱን ከስሙ በቀመር አውጡት፤ ዓመቱን በ1,000,000፣ ወሩን በ10,000፣ እርማቱን በ100 አባዙና የቢልዱን ተራ ቁጥር ደምሩ። የ25.11.2 የመጀመሪያ ቢልድ 25,110,201 ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀኑን ከነሰዓቱ በማስገባት ነው፤ 12 አሃዝ ሲሆን ጣሪያውን አልፎ ቢልዱ ይወድቃል።

ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ደግሞ አንድሮይድ ኮዱ ያነሰውን በተጫነው ላይ አይጭንም። ሠራተኛው አሮጌውን አጥፍቶ ይጭነዋል፤ ያልተላከ ሽያጩም አብሮ ይጠፋል። ሰርቨሩ የሚቀበለውን ዝቅተኛ ኮድ ይናገር፤ አፑም ከዚያ ካነሰ "አፕዴት ያድርጉ" ይበል። ነገር ግን ስልኩ ላይ የተጠራቀመውን ሽያጭ ከመላኩ በፊት አይዝጋ። ክፍለ ሀገር ወጥቶ ኔትወርክ ያጣ ሠራተኛ ሲመለስ መጀመሪያ ሽያጩ ይግባለት።

ቁጥሮችን ስታነጻጽሩ እንደ ጽሑፍ አታነጻጽሩ፤ እንደ ጽሑፍ ከሆነ 25.9 ከ25.11 ይበልጣል። በነጥብ ከፋፍላችሁ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ቁጥር ለኩ። በዚህ የተያዙት ትልልቆቹም ናቸው። ኦፔራ የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ2009 10ኛውን ሲያወጣ ድረ ገጾች የመጀመሪያውን አሃዝ ብቻ አንብበው 1 ነው እያሉ ስላስቸገሩት ለእነሱ ራሱን 9.80 ብሎ ለማስተዋወቅ ተገደደ። ፓይተን 3.10 ሲወጣም በያምል (የቅንብር ጽሑፍ ዓይነት) ፋይል ውስጥ ያለ ጥቅስ ምልክት የጻፉት ሰዎች ማሽኑ 3.1 ብሎ አነበበባቸው፤ አስርዮሽ መስሎት ዜሮውን ጣለው። የሱቆቻችሁን ዝርዝር በኤክሴል ከያዛችሁም አምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት፤ አለዚያ 1.10 ብላችሁ ስትጽፉ 1.1 ይሆናል።

ቁጥሩ የሚጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን፣ እሱም ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ላይ ያለው ታግ (በአንድ ዕትም ላይ የሚለጠፍ ምልክት)። ማስታወሻ ያለውን የታግ ዓይነት ተጠቀሙ፤ ማን፣ መቼ እንዳደረገው ይመዘግባል። ታጉን ለይታችሁ መግፋት (ወደ ሰርቨር መላክ) አትርሱ፤ ተራ ፑሽ ታግ ይዞ አይሄድም። ቢልዱ ቁጥሩን በጊት ዲስክራይብ ትእዛዝ ከታጉ ይውሰድ፤ ከታጉ በኋላ የተጨመረ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ካለ ስንት እንደሆነና የመጨረሻውን ኮሚት አጭር መለያ አብሮ ይሰጣችኋል። ያ መለያ "ስለ ፕሮግራሙ" መስኮት ውስጥ ይግባ፤ ከአንዱ ላፕቶፕ በጥድፊያ የተላከ ፋይል ያኔ ራሱን ያጋልጣል። የፋይሉ ስምም ቁጥሩን ይያዝ፣ "ፋይናል" የሚል ቃል አይግባበት። ከፋይሉ ጋር የሻ-256 አሻራውን፣ ማለትም ከይዘቱ የሚወጣውን መለያ ኮድ፣ በዚያው የቴሌግራም መልእክት ላይ ለጥፉ።

ይህ አሻራ የተቀላቀሉትን 1.5ዎችም ይፈታላችኋል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ምንም ሳይጫን አሻራውን ያወጣል። ከሁለቱ ዓይነት እጃችሁ ያለውን አውጡና አንዱን 1.5ሀ፣ ሌላውን 1.5ለ ብላችሁ በራሳችሁ ዝርዝር ላይ ብቻ መዝግቡ፤ ከዚያ አርባውንም ሱቅ በርቀት እየገባችሁ ወይም እየደወላችሁ ለዩ። ያልታረመውን የያዙት ቅድሚያ ያግኙ። ቀጣዩ ሪሊዝ 25.11.0 ከ1.5 ስለሚበልጥ መሸጋገሪያ አያስፈልገውም። አንድሮይዱ ላይ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ፕሌይ ኮንሶል ገብታችሁ እስካሁን የሄደውን ትልቁን ኮድ እዩ። ከ25 ሚሊዮን በታች ከሆነ ቀመሩ እንዳለ ይሠራል። ከእናንተ አንዱ ቀደም ብሎ በቀን የጀመረው፣ 2025 ብሎ የሚነሳ ባለ 10 አሃዝ ኮድ ካገኛችሁ ግን ቀመሩን ተዉትና እሱኑ ቀጥሉ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የቀኑ ተራ ቁጥር በሁለት አሃዝ፣ ለምሳሌ 2025111701። እስከ 2099 መጨረሻ ጣሪያውን አይነካም።